ከፖስታ ኮድ ፊት የሚጠፋው ዜሮ

ለኤአይ ኤጀንት (መሣሪያዎችን እየጠራ ሥራ ለሚሠራ የኤአይ ፕሮግራም) የተሠራው የፖስታ ኮድ መፈለጊያ በዜሮ የሚጀምሩ ኮዶችን ሲጠየቅ ወይ «አልተገኘም» ይል ነበር፣ ወይም፣ የባሰው ይህ ነው፣ የሌላ አገር ቦታ ያመጣ ነበር፤ የቦስተኑ 02108 ሲጠየቅ የመጣው የሲድኒው ፓልም ቢች ነው።

በፕሮምፕቱ (ለሞዴሉ በሚሰጠው የጽሑፍ መመሪያ) ላይ «ዜሮውን አትጣል» ብሎ መጻፍም ሆነ ሞዴሉን መቀየር ለውጥ አላመጣም። በመረጃ ሠንጠረዡ ያለውን የኮዱን ዓምድ ፓንዳስ (ሠንጠረዡን የሚያነበው የፓይተን ቤተ-መጻሕፍት) እንደ ጽሑፍ እንዲያነበው ማድረግ ተገቢ ቢሆንም ብቻውን አልበቃም።

ነገሩ የተገለጠው ወደ መሣሪያው የሚደርሰውን ጥሪ ሳይነካ ሎግ (የሥራ መዝገብ) ላይ ሳሰፍር ነው፤ ኮዱ ፍለጋው ከመጀመሩ በፊት 2108፣ ማለትም የፓልም ቢች ኮድ፣ ሆኖ ይደርስ ነበር። በጄሰን ስኪማው (መሣሪያው የሚቀበለውን መረጃ ቅርጽ በሚገልጸው ሰነድ) ላይ የኮዱ ዓይነት «ኢንቲጀር» (ሙሉ ቁጥር) ተብሎ ስለተገለጸና ጄሰን በዜሮ የሚጀምር ባለብዙ አሃዝ ቁጥር ስለማይቀበል፣ ሞዴሉ ዜሮውን ከመጣል በቀር አማራጭ አልነበረውም።

ዓይነቱን ወደ «ስትሪንግ» ወይም ጽሑፍ ለወጥኩ (የካናዳና የብሪታንያ ኮዶች ፊደል ስላለባቸው ይህ ለእነሱም ግድ ነው)፤ በአይሶ 3166 (የአገር መለያዎች ዓለም አቀፍ ደረጃ) መሠረት ባለሁለት ፊደል የአገር መለያንም አስገዳጅ መስክ አደረግሁ። ኤጀንቱ አሮጌውን ስኪማ ይዞ ስለሚቆይ ከለውጡ በኋላ እንደገና ማስነሳት ያስፈልጋል። አሁን 02108 ቦስተንን ያመጣል።