የአፈር ናሙና ሲወሰድ የሚበዙ ስህተቶች

ቤተ ሙከራ የሚመረምረው ማሳውን አይደለም፤ ከረጢት ውስጥ የገባለትን አፈር ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ውጤቱ የሚበላሸው ገና ማሳው ላይ፣ አካፋ ስንይዝ ነው።

ዋናው ጥፋት ከአንድ ጉድጓድ ዝቆ መላክ ነው። አፈር በጥቂት እርምጃ ልዩነት ይቀያየራል። በዚግዛግ እየሄዱ ከ15 እስከ 20 ቦታ ትንሽ ትንሽ መውሰድ፣ በደንብ ማደባለቅ፣ ከዚያ ግማሽ ኪሎ ያህል መላክ ይሻላል። ዳገቱና ረባዳው፣ ቀዩና ጥቁሩ ግን ለየብቻ ይሁኑ። ከተቀላቀሉ የሚመጣው ቁጥር የማሳው የትኛውም ጥግ ላይ የሌለ አፈር ነው። የዛፍ ሥር፣ የአጥር ዳር፣ ከብት ያደረበትና ፍግ የተከመረበት ቦታ ይዘለሉ። አንድ አካፋ ፍግ ያለበት አፈር የደኸየውን ማሳ ሀብታም ያስመስለዋል።

ጥልቀትም አንድ ዓይነት ይሁን። ለአብዛኛው ዓመታዊ ሰብል እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይወሰዳል። ፎስፈረስ የተባለው የተክል ምግብ ላይ ላዩን ስለሚከማች፣ ጫር ጫር አድርጎ የወሰደ ሰው በውሸት ይደሰታል።

ስለ ዕቃው ብዙ የሚባል የለም፤ ንጹህ የፕላስቲክ ባልዲ ይበቃል። የዚንክ ቅብ ያለው ባልዲ የዚንኩን ውጤት ያዛባል። በአሮጌ የማዳበሪያ ጆንያ መላክ ደግሞ ያው ማዳበሪያውን አስመርምሩልኝ ማለት ነው።

እርጥቡን አፈር ላስቲክ ውስጥ አፍኖ ማሳደርም አይሆንም። ጥቃቅን ነፍሳቱ ሥራቸውን ስለማያቆሙ የናይትሮጅኑ መጠን ይቀየራል። ጥላ ውስጥ አስጥቶ ማድረቅ ነው፤ እሳት ዳር አይደለም።

ለእኔ ከሁሉም የሚብሰው ግን ውጤቱ ከመጣ በኋላ የሚሠራው ነው፦ ፒኤቹን (የአፈሩን አሲዳማነት የሚያሳየውን ቁጥር፤ ዝቅ ባለ ቁጥር አሲዱ ይበዛል) ዘሎ ማዳበሪያው ላይ ማፍጠጥ። ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ ሥርን ይጎዳል። ፎስፈረሱም ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ገንዘቡ ወጥቷል፣ ተክሉ ግን አልበላም። እንዲህ ያለ አፈር ቅድሚያ የሚፈልገው ኖራ ነው። ዩሪያ ብቻውን በየዓመቱ ሲደጋገም ደግሞ አሲዳማነቱን ያባብሰዋል። ከ6 ወደ 5 መውረድ ትንሽ እንዳይመስል፤ አሲዳማነቱ አሥር እጥፍ ጨመረ ማለት ነው። የኖራውን መጠን ከጎረቤት መገልበጥም አያዋጣም። ፒኤቹ እኩል ቢሆን እንኳ ሸክላማ አፈር ከአሸዋማው የበለጠ ኖራ ይጠጣል።

ምክሩን ሥራ ላይ ሲያውሉ ማሳውን በሙሉ አንድ ዓይነት ማድረግም ስህተት ነው። ምርቱ ቢጨምር ኖራው ይሁን ዝናቡ በምን ይታወቃል? ምንም ያልተጨመረባቸው ጥቂት መደቦች የተለያየ ቦታ ላይ ይቅሩ። እንግሊዝ አገር ሮታምስቴድ በተባለው የእርሻ ምርምር ጣቢያ በሚገኘው የብሮድባልክ የስንዴ ማሳ፣ ሙከራው ከተጀመረበት ከ1843 እ.ኤ.አ. ወዲህ ማዳበሪያም ፍግም ነክቶት የማያውቅ መደብ አለ። የሌሎቹ መደቦች ምርት እስካሁን የሚለካው ከእሱ አንጻር ነው።