የአኒካ ደብተር፦ ለሰሜን ሸዋ ሯጮች የልምምድ መዝገብ አያያዝ

ደብረ ብርሃን ላይ ውርጩ ሳይለቅ ተነስተው የሚሮጡ ልጆች ሞልተዋል። ጫጫም፣ ደብረ ሲናም፣ መንዝም እንደዚያው ነው። ጉልበት አላቸው። ከፍታውም ያግዛቸዋል። የጎደላቸው ደብተር ነው። ባለፈው ማክሰኞ ምን ሠራችሁ ብትሏቸው «ኧረ ብዙ ነው የሮጥነው» ይላሉ። ብዙ ማለት ስንት ነው? በስንት ደቂቃ? እግራችሁን ያመማችሁ ስንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ነበር? እዚህ ላይ ዝም ይባላል።

ደብተሩን እንዴት እንደምትይዙ ልንገራችሁ። አርአያ የማደርግላችሁ ሯጭ አይደለችም፤ ስዊድናዊቷ የጎልፍ ተጫዋች አኒካ ሶረንስታም ናት። (ዓመቶቹንና ቀኑን የጻፍኩት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ጎልፍን የማያውቅ አይጨነቅ። ገና ሲጫወቱ ያየ ሰው በትርና ሩር ያውቃል፤ ጎልፍ ላይ ግን ሩሯን ከእጃችሁ የሚነጥቅ ባላጋራ የለም። ትንሿን ኳስ 18 ጉድጓዶች ውስጥ በየተራ ታስገባላችሁ፣ በትንሽ ምት የጨረሰ ያሸንፋል። ለየጉድጓዱ የተመደበው የምት ብዛት ፓር ይባላል። ከፓር በአንድ ምት አሳንሳችሁ ካስገባችሁ በርዲ ነው። በቃ ይሄ ይበቃችኋል።

አኒካ በ1970 ተወለደች፤ ያደገችው ስቶክሆልም አጠገብ ነው። መጀመሪያ ቴኒስ ተጫወተች፣ ጎልፍ የጀመረችው በ12 ዓመቷ ነው። በ2008 ስታቆም በአሜሪካው የሴቶች ፕሮፌሽናል ውድድር በኤልፒጂኤ 72 ጊዜ አሸንፋለች፤ ከነዚህ ውስጥ 10ሩ ሜጀር የሚባሉት ታላላቆቹ ናቸው። እኔን የሚገርመኝ ግን ቁጥር መመዝገቧ ነው። በስንት ምት እንደጨረሰች ብቻ አይደለም፤ የቱ ምት እንደሠመረ፣ የቱ እንደሳተ እየመዘገበች ኮምፒውተር ላይ ታስቀምጥ ነበር።

እናንተ ኮምፒውተር አያስፈልጋችሁም። ባለ ሃምሳ ቅጠል ደብተርና እስክሪብቶ በቂ ነው። በየቀኑ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሮጣችሁበትን ቦታ፣ ርቀቱንና ደቂቃውን ጻፉ። ብርዱን ወይም ንፋሱን፣ ስንት ሰዓት እንደተኛችሁ፣ የት ላይ እንዳመማችሁም ጨምሩ። ጠዋት ከአልጋ ሳትነሱ የልብ ምታችሁን ለአንድ ደቂቃ ቁጠሩና እሱንም ጻፉት፤ ከወትሮው በግልጽ ከፍ ካለ ሰውነታችሁ አላረፈም ማለት ነውና የዚያን ቀን ቀለል አድርጉ። ርቀት የሚለካ ሰዓት የሌላችሁ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መንገድ ሩጡ፣ ወይም ዙሩ 400 ሜትር የሆነ መም ላይ ቁጠሩ። ዋናው ነገር ማታ ሳትተኙ መጻፍ ነው። ለነገ ካሳደራችሁት ግምት ነው የምትጽፉት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደብተሩን ገልጣችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፦ ጊዜ የማጣው የት ነው? በ1999 እና በ2000 የዓመቱ ምርጥ ተብላ የተመረጠችው አኒካ አልነበረችም፤ አውስትራሊያዊቷ ካሪ ዌብ ነበረች። አኒካ ያኔ ሰውነቷን ለማጠንከር ከባድ የጂም ሥራ ውስጥ ገባች። በ2001 ስምንት፣ በ2002 ደግሞ አሥራ አንድ የኤልፒጂኤ ውድድር አሸነፈች። እናንተም ሁልጊዜ የመጨረሻዎቹ ሁለት ዙሮች ላይ የምትወድቁ ከሆነ አጀማመራችሁን ተመልከቱ፣ ምናልባት ቸኩላችሁ ነው የምትወጡት። ዳገት ላይ ከሆነ የምትቀሩት፣ ዳገት በሰሜን ሸዋ አይቸግርም።

አሁን ወደምወደው ገጽ ልምጣ። የስዊድን ቡድን አሠልጣኝ የነበረችው ፒያ ኒልሰን ለተጫዋቾቿ እንዲህ ትል ነበር፦ እያንዳንዱን ጉድጓድ በተለያየ ቀን በበርዲ ጨርሳችሁ ታውቃላችሁ፣ ታዲያ ሁሉንም በአንድ ቀን የማታደርጉት ለምንድን ነው? ፓሩ 72 በሆነ ሜዳ 18 በርዲ ማለት 54 ምት ነው። አኒካ 54 አልደረሰችም። ግን መጋቢት 16 ቀን 2001 ፊኒክስ፣ አሪዞና ላይ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ጉድጓዶች በተከታታይ በበርዲ ጨርሳ፣ በጠቅላላው 13 በርዲ ሠርታ በ59 ገባች። በኤልፒጂኤ ከ60 በታች የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ናት።

የራሳችሁን 54 ከደብተሩ ማውጣት ትችላላችሁ። 5 ኪሎ ሜትር ነው የምትሮጡት እንበል። በየትኛውም ቀን ይሁን፣ የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር ከሁሉ በፈጠነ የሮጣችሁበትን ጊዜ ፈልጉ። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም እንደዚሁ። 3:05፣ 3:08፣ 3:10፣ 3:09፣ 3:00 ቢሆኑ ድምሩ 15:32 ነው። እስካሁን የገባችሁበት ምርጥ ሰዓት 16:00 ከሆነ 28 ሰከንድ አለችላችሁ። እያንዳንዷን ኪሎ ሜትር በእግራችሁ የሮጣችኋት ስለሆነች ሕልም ነው የሚል ሰው አትስሙ። ቁጥሯን የደብተሩ ሽፋን ላይ በትልቁ ጻፏት።

ሌላም አለ፣ ይህኛውን አሠልጣኞችም አንብቡልኝ። አኒካ ልጅ ሆና በጣም ዓይን አፋር ነበረች። ያሸነፈ ንግግር ያደርጋል፤ እሷ ደግሞ ሰው ፊት መናገር ስለምትፈራ ውድድሩ ሊያልቅ ሲል ሆን ብላ ትስትና ሁለተኛ ትወጣ ነበር። አሠልጣኞቿ ሲነቁባት ሁለተኛ የወጣችውም እንድትናገር አደረጉ። ከዚያ ወዲያ መሸነፍ ምን ይጠቅማታል? እኛ አገር ይህ በሽታ የለም እንዳትሉኝ። ታላቋን ላለማለፍ ብላ የምትቀዘቅዝ ልጅ አለች፣ ጓደኛው እንዳይከፋው አብሮት የሚጎተት ልጅ አለ። ይሉኝታ ለጎረቤት ጥሩ ነው፣ መም ላይ ግን ሰዓት ይበላል። ስለዚህ ደብተሩ ላይ «የያዝኩት» የሚል መስመር ይኑራችሁ። ማለፍ እየቻላችሁ ካላለፋችሁ እዚያ እውነቱን ጻፉ፣ ሌላ ሰው አያየውም። አሠልጣኞች ደግሞ ልምምድ ሲያልቅ አንደኛ የወጣውን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም በየተራ አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር አናግሩ።

ከአቅማችሁ በላይ ለሆነ ውድድርም አንድ ገጽ ተዉ። በ2003 አኒካ ፎርት ዎርዝ፣ ቴክሳስ ከወንዶች ጋር ተወዳደረች፤ ከ1945 ወዲህ በወንዶቹ በፒጂኤ ቱር ውድድር የተሰለፈች የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች። በመጀመሪያው ቀን 71፣ በሁለተኛው 74 መታች፣ ወደ መጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት አላለፈችም። በቀጣዩ ሳምንት ወደ ሴቶቹ ተመልሳ አሸነፈች። ከወረዳችሁ አንደኛ ሆናችሁ አዲስ አበባ ስትወዳደሩ አርባኛ ልትወጡ ትችላላችሁ። ከመሄዳችሁ በፊት የምትለኩትን ሦስት ነገር ጻፉ፦ የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር በስንት እንደምትሮጡ፣ ከመሪዎቹ ጋር እስከ የት እንደምትቆዩ፣ መጨረሻ ላይ ስንት ሰው እንደምታልፉ። የዚያኑ ዕለት ማታ መልሱን ሙሉ። በ1999 ሴቪያ ላይ በ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው ጌጤ ዋሚ የጫጫ ልጅ ናት፣ መንገዱ ከእኛው አካባቢ ይነሳል።

ደብተሩ ሲያልቅ አትጣሉት። ፊቱ ላይ የጀመራችሁበትንና የጨረሳችሁበትን ቀን ጽፋችሁ እርጥበት የማያገኘው ቦታ አስቀምጡ። ክለብ ስትገቡ ወይም አሠልጣኝ ስትቀይሩ ይዛችሁት ሂዱ፤ አዲሱ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እዚያ ውስጥ ያለውን ነው።