መሀል አዲስ አበባ ወጥተው ሲበሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዲስ አበባ ውስጥ በልቶ የተከፋ እንግዳ ሳገኝ መጀመሪያ የምጠይቀው የት እንደበላ አይደለም። መቼ እንደሄደና ምን እንዳዘዘ ነው። ለሥራ ከክልል ስመላለስ ደጋግሜ ያየሁት ይህንኑ ነው። ሰው የሚሳሳተው ብዙ ጊዜ በቤት ምርጫ አይደለም። ቀኑንና ሰዓቱን አያይም፤ ወይም ቤቱ የማይታወቅበትን ምግብ ያዛል። ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ፣ ከአራት ኪሎ እስከ ስታዲየም ከመንገድ ዳር ሳምቡሳ አንስቶ እስከ ትልልቁ ሆቴል ድረስ ሁሉም ቤት የሚደምቅበት ቀን አለው፣ የሚመችበት ሰዓት አለው፣ እጁ የሚጣፍጥበት ምግብም አለው። ከዚህ በታች የጻፍኳቸው ስህተቶች ከዚህ የሚመጡ ናቸው፤ ሁለት ሦስቱ ደግሞ ስለ ጤናና ስለ ሰው አክብሮት ናቸው።

ቀኑን ሳያዩ ሥጋ ፍለጋ መውጣት

ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፤ ግን ከውጭ አገር ለዕረፍት የመጣ ወይም በሥራ የተዋከበ ሰው ቀኑ ይጠፋበታል። ዓርብ ማታ ጓደኞቹን ሰብስቦ ሥጋ ቤት ይሄዳል፣ መጋረጃው ወርዶ ያገኘዋል። ክፍት ቤት ቢያገኝ እንኳ ገበያው ቀዝቃዛ ስለሆነ የሚቀርብለት ሥጋ እንደ ቅዳሜው አይሆንም። ሰው የሚጋፋበት ቀን ሥጋው አያድርም፤ ሰው በሌለበት ቀን ያድራል።

ረጃጅሞቹ ጾሞች ደግሞ የመሀል ከተማውን ሜኑ ከነጭራሹ ይለውጡታል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ይዘልቃል። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው። ክትፎና ቁርጥ አምሮት አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ጉዞውን ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ቢያደርገው ይሻለዋል፤ ያኔ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም።

ጾም ላይ የደረሰ እንግዳ ግን ማዘን የለበትም። እኔ በያይነቱ የምበላው ሆን ብዬ ዓርብ ነው። ሽሮው፣ ምስር ወጡ፣ ጎመኑ፣ አዚፋው፣ የሱፍ ፍትፍቱ ሁሉ የዕለቱ ነው፤ ጠያቂው ስለሚበዛ የትናንት የሚቀርብበት ምክንያት የለም። ፒያሳ በ1898 ዓ.ም. የተመሠረተው እቴጌ ጣይቱ ሆቴል በጾም ቡፌው ስሙ የተነሳው በከንቱ አይደለም።

አንድ ሌላ ቀን ልጨምር። መስቀል ሲደርስ ብዙ ክትፎ ቤቶች ይዘጋሉ። ባለቤቶቹም ሠራተኞቹም አብዛኞቹ ጉራጌዎች ናቸው፤ በዓሉን ከቤተሰብ ጋር ለማክበር አገር ቤት ይገባሉ። መስከረም አጋማሽ ላይ ክትፎ ለመብላት ያሰበ ሰው አስቀድሞ ደውሎ ይጠይቅ።

ከቢሮ ሠራተኛ ጋር እኩል ምሳ መውጣት

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሰኞ እስከ ሐሙስ 6:30 ላይ ለምሳ ይወጣል፣ 7:30 ላይ ይመለሳል። በዚያች አንድ ሰዓት ሜክሲኮና አራት ኪሎ አካባቢ ያሉ ምግብ ቤቶች ውስጥ ወንበር ማግኘት ዕድል ነው። አስተናጋጁ ይሮጣል፣ ወጡ ይቀጥናል፣ ትዕዛዝ ይደባለቃል። እንግዳ ደግሞ ፊርማ የሚጠብቀው የለም። 5:45 ላይ ይግቡ፤ ወጡ ገና ከምድጃ ሲወርድ ይደርሳሉ። ዓርብ ቢሮ የሚወጣው 5:30 ስለሆነ ግርግሩም ያን ያህል ቀደም ብሎ ይጀምራል፤ ያን ዕለት ከ7:30 በኋላ መሄድ ይቀላል።

ሥጋ ቤት ገብቶ ሳያዩ ማዘዝ

ይህኛው ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ ስህተት ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝረው።

እንግዳው ይገባል፣ ጥግ ይዞ ይቀመጣል፣ አስተናጋጁን "ጥብስ አምጣልኝ" ይለዋል። ሥጋው ከየት እንደተቆረጠ አያውቅም፣ ስንት እንደመዘነ አያውቅም፣ ኪሎው ስንት እንደሆነ አያውቅም። ሂሳቡ ሲመጣ ይደነግጣል። ሥጋ ቤት የሚታዘዘው ወንበር ላይ ተቀምጦ አይደለም፤ ሥጋው በተሰቀለበት መስኮት ፊት ቆሞ ነው። ልምድ ያለውን ደንበኛ ይመልከቱት። እጁን ኪሱ ከትቶ የተሰቀለውን ዞር ዞር ብሎ ያያል። ቆራጩ "ከየት ይሁን?" ይለዋል። "ከጎድኑ ግማሽ ኪሎ፣ ጮማ ጣል አድርግበት። ለቁርጥ ደግሞ ከሻኛው ሩብ" ይላል። ቆራጩ ቢላውን በመሳያው ሁለት ሦስቴ ያስኬድና ይቆርጣል። ደንበኛው ዓይኑን ከሚዛኑ ላይ አያነሳም። ማንም ቅር አይሰኝም፤ ወጉ ነው።

ከመቆረጡ በፊት ሦስት ነገር ይጠየቃል። አንደኛ፣ ኪሎው ስንት ነው? ሁለተኛ፣ የማብሰያው ሂሳብ አብሮ ነው ወይስ ለብቻ? ሦስተኛ፣ አጥንቱ አብሮ ይመዘናል ወይ? ሁለተኛውን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው። አንዳንዱ ቤት ሽንኩርቱን፣ ቃሪያውን፣ ቅቤውንና የምድጃውን ለብቻ ያስከፍላል። መብቱ ነው፤ ግን አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

መጠኑንም አያብዙት። ግማሽ ኪሎ ጥብስ ከእንጀራ ጋር ለሁለት ሰው ይበቃል። ካነሰ ድጋሚ ማዘዝ ይቻላል። የቀዘቀዘ ጥብስ ግን የሚወደው የለም።

ጥብስ የሚታወቅበት ቤት ሄዶ ክትፎ ማዘዝም ያው ስህተት ነው። ክትፎ ጅማቱና ስቡ በደንብ የወጣለት ቀይ ሥጋ፣ በሥርዓት የተነጠረ ቅቤ፣ ያልቆየ ሚጥሚጣ ይፈልጋል። አይቡ፣ ጎመኑ፣ ቆጮው አብሮ መምጣት አለበት። ይህን ሁሉ በየቀኑ የሚያዘጋጀው ክትፎ ቤት ነው። ሌላው ቤት ሜኑው ላይ የጻፈው ጠያቂ እንዳይመለስበት ብቻ ነው።

ለብ ለብን እንደ ብስል መቁጠር

ጥሬ ሥጋ እወዳለሁ። ስለምወደው ነው በግልጽ የምናገረው። ለብ ለብ ክትፎ ቅቤው ይሞቃል እንጂ ሥጋው አይበስልም። የኮሶ ትል የሚይዘን እጩ፣ ማለትም ገና ያላደገው ትል፣ ያለበትን የበሬ ሥጋ ሳናበስል ስንበላ ነው፤ ለብ ለብ ያደረግነው ሙቀት እጩን ለመግደል አይበቃም። ሚጥሚጣውም፣ ሰናፍጩም፣ ከላዩ የሚጠጣው አረቄም አይገድለውም። ይህን አምኖ የሚበላ ሰው ብዙ አውቃለሁ፤ እምነቱ ግን ትክክል አይደለም። የበላ ሰው ሰገራውን ቢያስመረምር መድኃኒቱ በየጤና ተቋሙ አለ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ነፍሰ ጡር እህታችንን ግን በይሉኝታ አናጉርስ። ጥሬ ሥጋ ለፅንሱ አደገኛ የሆነ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ተውሳክ ሊኖርበት ይችላል። "አንድ ጉርሻ ምን ያደርጋል" የሚሉ አክስቶች አሉ፤ ለእሷ በደንብ የበሰለ ማዘዝ ነው ፍቅር።

መንገድ ዳር የሚሸጠውን ሁሉ መፍራት፣ ወይም ሁሉንም መብላት

ከውጭ የመጡ ዘመዶቻችን ብዙዎቹ የመንገድ ምግብ ጭራሽ አይነኩም። የመሀል አዲስ አበባ ግማሹ ጣዕም ያለፋቸው ይመስለኛል። ሌላው ደግሞ ያገኘውን ሁሉ በልቶ ሦስት ቀን ይተኛል። መለኪያው ቀላል ነው፦ ዓይንዎ እያየ ከእሳት ወይም ከዘይት የወጣውን ይብሉ። ጠዋት ተጠብሶ እስከ ማታ መስታወት ውስጥ የዋለ ሳምቡሳ አይደለም የምለው። አሁን ከዘይት ሲወጣ ጣት የሚያቃጥለውን፣ ሲገምጡት ምስሩ እንፋሎት የሚያወጣውን ነው።

እርጥብ ማታ ማታ ይጣፍጣል። አራት ኪሎ አካባቢ የማውቃት አንዲት ሻጭ አለች። ዳቦውን በቁመቱ ትሰነጥቀዋለች፣ ትኩስ ድንች ጥብስ ትሞላበታለች፣ ከላይ የተከተፈ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ትበትንበታለች። ከዚያ ቀና ትልና "ጋሼ፣ ዳጣው ይብዛ ይነስ?" ትላለች። "መካከለኛ አድርጊልኝ፣ እህቴ" እላታለሁ። ከእሷ የምገዛው ለጣዕሙ ብቻ አይደለም። ዳቦ በምትይዝበት እጇ ብር አትነካም። እጇ ላይ ፌስታል አጥልቃለች፤ ደንበኛው ብሩን ራሱ ጣሳው ውስጥ ይጥላል፣ መልሱንም ራሱ ያነሳል። ሻጭ ሲመርጡ ይህንን ይዩ፤ ዘይቱንም ይዩ። እንደ ቡና የጠቆረ ዘይት ካዩ ይለፉት።

ክረምት ላይ የተጠበሰ የበቆሎ እሸት አይለፍዎ። በለስ ሲያምርዎ ግን ሻጩ ይላጥልዎ፤ ደቃቅ እሾሁ እጅ ላይ ከገባ ማውጣቱ መከራ ነው። ጁስ ቤት ከገቡ "ያለ ውሃ" ብለው ይዘዙ። ጥሩ ስፕሪስ በማንኪያ የሚበላ ነው፣ ውሃ አያስፈልገውም።

የቆየ አድራሻ ይዞ መውጣት

ከጥቂት ዓመታት በፊት የነበረውን ፒያሳ በልቡ ይዞ የሚመጣ እንግዳ መንገድ ላይ ይቀራል። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ በኮሪደር ልማቱ ፈርሰዋል፤ በ2017 ካዛንቺስ ተከተለ። ስንቱ ምግብ ቤት፣ ስንቱ ኬክ ቤት አብሮ ሄደ። አንዳንዱ ሌላ ሰፈር ተከፍቷል፣ ስሙን ይዞ የቀጠለም አለ። እዚያ ያደግን ያህል የምንወደው ቤት ሲጠፋ ያማል፤ እራት የጋበዙትን ሰው ይዞ አጥር ፊት መቆም ግን ሌላ ሕመም ነው። ከመውጣትዎ በፊት ይደውሉ፤ ስልኩ ካልሠራ በቅርቡ የሄደ ሰው ይጠይቁ።

ሜኑ ላይ ያለውን ዋጋ የመጨረሻ ዋጋ አድርጎ ማሰብ

ትልልቅ ሆቴሎችና ደህና ሬስቶራንቶች ሜኑ ግርጌ ላይ በትንሹ የተጻፈች መስመር አለች፦ ዋጋው ቫትና የአገልግሎት ክፍያ አይጨምርም። ቫት 15 በመቶ ነው፣ የአገልግሎቱ ብዙ ቦታ 10 በመቶ። 1,000 ብር ያዘዘ ሰው አገልግሎቱ ሲታከልበት 1,100፣ ቫቱ ሲመጣ 1,265 ብር ይከፍላል። አራት ሰው ጋብዘው ይህን ካላሰቡ ይጨንቅዎታል። ሁሉን የሚያካትት ዋጋ የሚጽፉ ቤቶችም አሉና መስመሯን ሁልጊዜ ያንብቧት፣ ሲከፍሉም የማሽን ደረሰኝ ይቀበሉ።

በቴሌብር ለመክፈል ያሰበ ሰውም የተወሰነ ጥሬ ብር ይያዝ። ኔትወርክ የሚጠፋው ሂሳብ ሲመጣ ነው።

ትልቅ ሆቴል ገብቶ ሽሮ ማዘዝ አይገባኝም። ሽሮውን ሽሮ ቤት ይብሉትና እዚያ ሌላ ቦታ የማያገኙትን ይዘዙ። ለፓስታ ግን የግድ ሆቴል አያስፈልግም። ይህ ከተማ ፓስታ በስጎ ከቤቱ ምግብ ቆጥሮታል፤ ስም የሌላት ትንሽ ቤት በእንጀራ የምታቀርበው ፓስታ ከብዙ ውድ ሳህን ይበልጥብኛል።

አብሮ የሚበላውን ሰው ሳይጠይቁ ቤት መምረጥ

ሥጋው የክርስቲያን ነው ወይስ የሙስሊም የሚለው ጥያቄ በእኛ ዘንድ ቀላል አይደለም። በቡድን ሲወጡ ማዕዱ ላይ ከደረሱ በኋላ አንዱ እጁን ቢሰበስብ ሁሉም ይሸማቀቃል። ከመውጣት በፊት "የት ይመቻችኋል?" ማለት በቂ ነው። የተቀላቀለ ቡድን ካለ የጾም በያይነቱ ሁሉንም ያስማማል፤ ጠዋት ከሆነ ደግሞ ፉል ጥሩ ነው። ረመዳን ላይ ከሙስሊም ጓደኛ ጋር መብላት የፈለገ ሰው ቀጠሮውን ማፍጠሪያ ላይ ያድርገው። ሳምቡሳውም ሾርባውም ያኔ ነው።

አስተናጋጅን በጭብጨባ መጥራት

ድሮ በጭብጨባ ይጠራ ነበር፤ አሁንም የሚያደርገው አለ። ቢቀር ይሻላል እላለሁ። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የዋለን ሰው "እህቴ" ወይም "ወንድሜ" ብሎ መጥራት ምንም አያስከፍልም። ዓይን ለዓይን ከተያዩ እጅ ቀና ማድረግም ይበቃል። የአገልግሎት ክፍያ ሂሳቡ ላይ ቢኖርም በእጃቸው ትንሽ ነገር ያድርጉላቸው። እና አንድ ቤት በተደጋጋሚ የሚሄዱ ከሆነ ስማቸውን ይያዙ። "ዛሬ የቱ ነው የተሻለው?" ሲሏቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ጥብሱን ይተዉት፣ ዱለቱ አሁን ነው የደረሰው" የሚሉዎት ያኔ ነው።