ኳርትዝ ነው ሲሏችሁ ጎኑን እዩ

ለመታጠቢያ ቤት ሲንክ ዙሪያ የሚሆን ሰው ሠራሽ ድንጋይ ስትገዙ፣ ኳርትዙና አርቴፊሻል ማርብሉ ከላይ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ዋጋቸው ግን ይለያያል። ቁራጭ ናሙና ጠይቁና የተቆረጠውን ጎን እዩ። ኳርትዝ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ነው፤ ወደ 90 በመቶው የተፈጨ ድንጋይ፣ ቀሪው በአብዛኛው ሙጫ። አርቴፊሻል ማርብል ግን የድንጋይ ዱቄትና ሙጫ ተቀላቅሎ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ስለሚፈስ፣ ከላይ ስስ የሚያብረቀርቅ ሽፋን ይታይበታል።

ከዚያ ጎኑን በቁልፍ ጫር አድርጉት። ኳርትዝ ከቁልፉ ስለሚጠነክር የሚፋቀው ቁልፉ ነው፤ ግራጫ መስመር ብቻ ይቀራል። ሌላው ይጫራል።

የተገጠመ ላይ ግን በፍጹም እንዳትሞክሩት! ሁለቱም ሙጫ ስላላቸው የጋለ የፀጉር መተኮሻም አታስቀምጡባቸው።