ሠራተኛው ነው ወይስ አሠራሩ?

ሥራ ሲጓተት መጀመሪያ የሚቀናን "ልጁ ሰነፍ ነው" ማለት ነው። እኔም ስል ኖሬያለሁ። አሁን ግን ማስጠንቀቂያ ከመጻፌ በፊት አሠራሩን አያለሁ። ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚገኘው እዚያ ነው።

ምልክት፦ ጎበዝ የነበረ ሠራተኛ ሥራ ጀምሮ መተው አበዛ

"ረሳሁት" ይላል። ያኮርፋል። ስልክ ሲጠራ ይደነግጣል።

ምክንያቱ ሁለት አለቃ ሊሆን ይችላል። ድሮ በምሠራበት ድርጅት አንዲት የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበረች። የፋይናንስ ኃላፊው "ቆጠራው ሳያልቅ ምንም ዕቃ እንዳይወጣ" ይላታል። እሺ ትላለች። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የሽያጭ ኃላፊው ይደውላል፤ "መኪናው በር ላይ ቆሟል፣ ቶሎ አስጭኚልኝ!" ለእሱም እሺ። የቆጠራው ወረቀት ግማሹ ተሞልቶ፣ እስክሪብቶው ሳይከደን ጠረጴዛዋ ላይ ይቀራል። ማታ ሁለቱም ይቆጧታል። የዚያን ዓመት ዝቅተኛ የሥራ አፈጻጸም ውጤት የሞላሁላት እኔ ነበርኩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ፈረንሳዊው ሄንሪ ፋዮል የማዕድን ኩባንያ ለ30 ዓመት ያህል የመራ መሐንዲስ ነበር። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1916 ካሳተማቸው 14 የአስተዳደር መርሆዎች አንዱ ይህንን ይነካል፦ አንድ ሠራተኛ ትእዛዝ የሚቀበለው ከአንድ አለቃ ብቻ ይሁን።

መፍትሄው ከጥያቄ ይጀምራል። ሠራተኛውን ለብቻው ጠርታችሁ "በዚህ ሳምንት ማን ማን አዘዘህ?" በሉት። ሁለት ሦስት ስም ከጠራ፣ መመከር ያለባቸው አለቆቹ ናቸው። የሠራተኛው ተጠሪነት ለአንዱ አለቃ መሆኑ በጽሑፍ ይታወቅ። ሌላው የሚፈልገውን በዚያ አለቃ በኩል ይጠይቅ። ሲጋጩ እነሱ ይነጋገሩ እንጂ ሠራተኛው መሃል አይግባ። በፕሮጀክት የሚሠሩ ድርጅቶች ውስጥ ሁለት አለቃ የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። እዚያም ቢሆን የትኛው ሥራ እንደሚቀድም የሚወስነው አንድ ሰው ይሁን።

ምልክት፦ ደመወዝ ተጨመረ፤ ሁለት ወር ፊት ፈካ፤ ከዚያ እንደ ድሮው

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ፍሬድሪክ ኸርዝበርግና ባልደረቦቹ በፒትስበርግ አካባቢ 200 ያህል መሐንዲሶችንና የሒሳብ ባለሙያዎችን ጠይቀው ውጤቱን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1959 አሳትመዋል። ኸርዝበርግ እንደሚለው ደመወዝና የቢሮ ምቾት ሲጎድሉ ያስከፋሉ፤ ሲሟሉ ግን ቅሬታ ይቀንሳል እንጂ ትጋት በራሱ አይመጣም። ትጋት የሚመጣው ከሥራው ከራሱ፣ ከኃላፊነትና ከምስጋና ነው።

ሐሳቡን የሚሞግቱ ምሁራን አሉ። እኔም በአንድ ነገር እጠነቀቃለሁ። ደመወዙ የቤት ኪራይ የማይሸፍንለትን ሰው በምስጋና ወረቀት መሸኘት ንቀት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ክፍያው ይስተካከል። ቀጥሎ ከሥራው ቁራጭ ሳይሆን ሙሉውን ስጡት፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የእሱ ይሁን። ሪፖርቱን ከጻፈው ስብሰባ ላይ የሚያቀርበውም እሱ ይሁን።

ምልክት፦ ሥራ አስኪያጁ ከከተማ ሲወጣ ሁሉም ነገር ይቆማል

ፊርማው ሁሉ አንድ እጅ ላይ ተከማችቷል። ውክልና በደብዳቤ ስጡ። እስከ ስንት ብር መፈረም እንደሚችል በቁጥር አስቀምጡ። ከጉዞ ስትመለሱ ደግሞ ተወካዩ የፈረመውን እንደገና ልፈርም አትበሉ። አንዴ ካላችሁ፣ በሚቀጥለው ጉዞ ወረቀቱ በሙሉ ጠረጴዛችሁ ላይ ተቆልሎ ይጠብቃችኋል።