«ማርሹ ተበልቷል» ከማለትዎ በፊት፦ በአሮጌ ስተርንድራይቭ ጀልባ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ነዳጅ ስሰጣት ሞተሩ ይጮኻል፤ ጀልባዋ ግን ንቅንቅ አትልም። ባለፈው በጋ ፖቶማክ ወንዝ መሃል የገጠመኝ ይኸው ነው። አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ ቨርጂኒያ ውስጥ መኪና ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ጆሮውን ጣል አደረገና «ማርሹ ተበልቷል፣ ወንድሜ አለቀልህ» አለኝ። ያለቀው ግን ማርሹ አልነበረም። ፕሮፔለሩ መሃል ያለው ጎማ ነው።

በስተርንድራይቭ ጀልባ ሞተሩ ከውስጥ፣ የኋላውን ግድግዳ ተጠግቶ ይቀመጣል። ኃይሉ ግድግዳውን አልፎ በክሮቼራ (እየታጠፈ በሚያዞር መገጣጠሚያ) ወደ ውጪው «እግር» ይሻገራል፤ እዚያ ቁልቁል ወርዶ ፕሮፔለሩን ያዞራል። የማወራው በአሜሪካ ሐይቆችና ወንዞች ላይ በብዛት ስለሚታየው ስለ መርክሩዘር አልፋ ዋን እግር ነው።

የመጀመሪያው ስህተት እንግዲህ የእኛው ነው፤ ርካሹን ሳይፈትሹ ውዱን መፍታት። ኃይሉ በሚተላለፍበት መንገድ ላይ ጎማ ያለው ሁለት ቦታ ነው። አንዱ ከሞተሩ ኋላ ያለው ማያያዣ፣ ሌላው የፕሮፔለሩ እምብርት። ሁለቱም ሲያረጁ ይንሸራተታሉ፣ ምልክታቸውም ያው ነው። መለያው አንድ ማርከር ብቻ ነው። የሞተሩን ቁልፍ ነቅለው ኪስዎ ይክተቱ። ፕሮፔለሩን ያውልቁ፣ ከመሃለኛው ብረት ጀምሮ ጎማውን አቋርጦ እስከ ውጪኛው ድረስ ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩ። መልሰው ይግጠሙና ውሃ ላይ ሞክረው እንደገና ያውልቁት። የኛ መስመር ሁለት ጣት ያህል ተላልፎ ተገኘ። መስመሩ ቀጥ እንዳለ ከሆነ ግን ወደ ሞተሩ ክፍል ይመለሱ፤ የተቃጠለ ጎማ ሽታ ወይም ከሞተሩ ኋላ ጥቁር የጎማ ብናኝ ካለ ማያያዣው ነው። ይህን ሙከራ ደረቅ መሬት ላይ አያድርጉት። እዚያ ጭነት ስለሌለ የተንሸራተተውም ደህና ይመስላል። ውሃ በጎማ ቱቦ ካልሰጡት ደግሞ የማቀዝቀዣው ፓምፕ ወዲያው ይበላል።

ሁለተኛው ብዙ ሰው ያታልላል። ማርሽ አውጥተው ወደ ኒውትራል ሲመልሱ ሞተሩ ድርግም ይላል። ሁሉም ሰው ካርቡሬተር ላይ ይዘምታል። አልፋ ዋን ላይ ማርሹ በቀላሉ እንዲላቀቅ የካንዴላውን እሳት ለቅጽበት የሚቆርጥ ስዊች አለ። ወደ እግሩ የሚወርደው የማርሽ ገመድ ከደረቀ ወይም ውሃ ገብቶበት ከዛገ፣ ስዊቹ እንደተጫነ ይቀራል፤ ሞተሩም ይጠፋል። አንድ ሰው ማርሹን ቀስ ብሎ ሲያወጣ እርስዎ ስዊቹን በዓይንዎ ይከታተሉ። ቶሎ ካልተመለሰ ገመዱን ይቀይሩ። የስዊቹን ሽቦ ነቅሎ «ዳነ» የሚል ሰው አለ፤ ይህ ሰው መቆሚያው ጋ ሲደርስ ማርሹ አልወጣ ብሎ ከእንጨቱ ጋር ይላተማል።

ገመድ ካነሳን፣ ማርሽ በቀስታ ማስገባትም ስህተት ነው። እናዝንላታለን ብለን እያለሳለስን እናስገባታለን። ታች ያለው ማርሽ ጥርስ በጥርስ የሚገጥም ነው፤ ሲያመነታ ጥርሱ እየተፋጨ ጠርዙ ይበላል። ሞተሩ ዝቅ ብሎ ሲሠራ ቀጭ አድርገው ያስገቡት።

ድምፅ ላይ እንምጣ። መሪ ሲጠመዘዝ የሚያጉረመርም ከሆነ ብዙውን ጊዜ ግድግዳው ላይ ያለው ኩሽኔታ ነው። ቋ ቋ የሚል ከሆነ ክሮቼራውን ይጠርጥሩ። ስህተቱ ኩሽኔታውን ቀይሮ መገላገል ነው። ኩሽኔታ ዝም ብሎ አይሞትም። ክሮቼራውን የሚሸፍነው፣ እንደ አኮርዲዮን የተሸበሸበው ጎማ ተቀዶ ውሃ ሲገባ ነው የሚዝገው። እጅዎን ወደ ውስጥ ያስገቡና እጥፋቶቹን በጣትዎ ይዳብሱ። እርጥብ ከሆነ ጎማውም አብሮ ይቀየራል። ክረምቱንም እግሩ ወደ ታች ወርዶ ይቆይ፤ ተነስቶ ሲከርም ጎማው እንደታጠፈ ደርቆ ይሰነጠቃል። እግሩ ከጀልባዋ በተፈታ ቁጥር ደግሞ የሞተሩን ቀጥታ በማስተካከያ ዘንግ ማየት ግድ ነው። ዘንጉ ሳይገፉት ካልገባ ሞተሩ ተዛንፏል። ይህን የዘለለ ሰው አዲሱን ማያያዣም ይበላዋል።

የማርሹን ዘይት በፀደይ መቀየር የሰነፍ ልማድ ነው። በመከር ያፍስሱት። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷል፤ ያ ውሃ በብርድ በረዶ ከሆነ እግሩን ይሰነጥቀዋል። ወተት የመሰለ ዘይት አፍስሶ አዲስ መሙላት ብቻም አይበቃም፣ ውሃው የገባበት ፓራኦሊዮ (ዘይት የሚያግደው ጎማ) መገኘት አለበት። ከፕሮፔለሩ ኋላ የዓሣ ማጥመጃ ክር ተጠምጥሞ እንደሆነ ይዩ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ነው። ሲሞሉ ከታች ወደ ላይ ነው፤ ከላይኛው ቀዳዳ እስኪፈስ። መጀመሪያ የላይኛውን ቡሎን ይዝጉ፣ ቀጥሎ የታችኛውን። ሮንዴላዎቹ አዲስ ይሁኑ።

የመጨረሻው፣ ተስፋ ቆርጦ ርካሽ ያገለገለ እግር መግዛት። እ.ኤ.አ. በ1991 የመጣው የአልፋ ዋን ሁለተኛው ትውልድ ከመጀመሪያው ጋር የታች ክፍሉ አይገጥምም። ቢገጥምም የማርሹ ልክ፣ ማለትም ፕሮፔለሩ አንዴ እስኪዞር የላይኛው ዘንግ ስንት ጊዜ እንደሚዞር፣ ይለያያል። ለስምንት ሲሊንደር የተሠራው ብዙ ጊዜ 1.50 ነው፣ ለአራት ሲሊንደር 1.98። የስምንቱን በአራቱ ላይ ከሰቀሉት ሞተሩ አቅም ያንሰዋል። ሻጩ «ቁጥሩ ተፍቋል» ካለዎት አይጨቃጨቁ። እግሩ ወደፊት ማርሽ ላይ ይሁን፤ የላይኛውን ዘንግ በእጅዎ እያዞሩ ፕሮፔለሩ 10 ጊዜ እስኪዞር የዘንጉን ዙር ይቁጠሩ። 15 ላይ ከደረሰ 1.50 ነው፤ 20 ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ከደረሰ 1.98።