ለጉባኤ ስፖንሰር ሲጠየቅ፦ ከደብዳቤው በፊትና በኋላ የሚሠራው ሥራ

የማኅበራት ጉባኤ ሲቃረብ ወደ ድርጅቶች መዝገብ ቤት የሚገባው የድጋፍ ደብዳቤ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። «ጉዳዩ፦ ትብብር ስለመጠየቅ» ብሎ ይጀምራል፤ ማኅበሩ መቼና እንዴት እንደተመሠረተ በሁለት አንቀጽ ይተርካል፤ የበኩላችሁን ድጋፍ እንድታደርጉልን በትሕትና እንጠይቃለን ይልና «ለሚደረግልን ቀና ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን» በሚል ቃል በማኅተም ይዘጋል። ደብዳቤው ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ይወጣል፤ እሳቸውም ጥጉ ላይ «ለማርኬቲንግ፤ ታይቶ ይቅረብ» ብለው ይመሩታል። የማርኬቲንግ ባለሙያው ግን ምን ያህል ብር እንደተጠየቀ፣ ድርጅቱ በምላሹ ምን እንደሚያገኝና በጉባኤው እነማን እንደሚገኙ የሚነግረው አንድም መስመር ስለማያገኝ፣ በሳምንቱ ከደረሱት ሌሎች ደብዳቤዎች ጋር ደርቦ ያስቀምጠዋል። በጤና ባለሙያዎች ማኅበር የጉባኤ አዘጋጅ ኮሚቴ ውስጥ በሠራሁባቸው ዓመታት እኔም መጀመሪያ የጻፍኳቸው ደብዳቤዎች እንዲሁ ነበሩ። መልስ ማግኘት የጀመርነው ገንዘቡ የሚወጣው ከማስታወቂያና ከገበያ ልማት በጀት እንደሆነ፣ ለዚህም ወጪ የፈረመው ሰው በዓመቱ መጨረሻ ምን እንዳስገኘ እንደሚጠየቅ ተረድተን ጥያቄያችንን በዚያው ልክ ማዘጋጀት ስንጀምር ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ደብዳቤ መጻፍ ሳይሆን ያለፈውን ዓመት የተሳታፊዎች መዝገብ አውጥቶ በጥንቃቄ ማንበብ ነው። ስንት ሰው ተገኘ? ከየትኞቹ ከተሞች መጣ? የት ይሠራል? በምን ኃላፊነት ላይ ይገኛል? ለምሳሌ ከ300 ተሳታፊዎች መካከል 40ዎቹ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ኃላፊዎች ከሆኑ፣ የላቦራቶሪ መሣሪያ አስመጪ በአንድ ዓመት ውስጥ በየከተማው እየዞረ የማያገኛቸውን ሰዎች በሁለት ቀን በአንድ አዳራሽ ያገኛቸዋል ማለት ነው። ለዚህ ድርጅት ከ300 ይልቅ 40 የሚለው ቁጥር ይበልጥ ይናገራል። ባንክ በበኩሉ ደመወዝተኞችና የግል ክሊኒክ ባለቤቶች ምን ያህል እንደሆኑ ማወቅ ይፈልጋል። አንዱን ደብዳቤ ስም ብቻ እየቀየሩ ለ100 ድርጅት ከመበተን ይልቅ ለ15 ወይም ለ20 ድርጅቶች ለየራሳቸው የሚሆን ምክንያት አዘጋጅቶ መሄድ ብዙ ጊዜ የሚጠይቅ ቢሆንም፣ በእኔ ልምድ ውጤት ያመጣው ይህኛው ነው።

በምርጫው ላይ ሕግንና የሙያ ሥነ ምግባርን ማየት የግድ ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የትምባሆን ስፖንሰርነት ይከለክላል፤ የአልኮል መጠጥን በማስተዋወቅ ላይም ጥብቅ ገደብ ጥሏል። ስለዚህ ወደ መጠጥ አምራቾች ከመሄድ በፊት አዋጁን ማንበብ ያስፈልጋል። በጤናው ዘርፍ ደግሞ መድኃኒት አስመጪው ጠረጴዛ ዘርግቶ ምርቱን ማሳየት ይችላል፣ የትኛው ጥናት ይቅረብ የሚለውን ግን ሊወስን አይገባም። ይህን በጨዋነት ግን በግልጽ ከመጀመሪያው ቀን መናገር ማኅበሩን ያስከብረዋል።

ጊዜው ከሁሉም በላይ ይወስናል። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ጉባኤው የካቲት ላይ ከሆነ ጥያቄው መቅረብ ያለበት ድርጅቶች የቀጣዩን ዓመት ዕቅድ በሚያዘጋጁበት በሚያዝያና በግንቦት ነው። ዋና መሥሪያ ቤታቸው ውጭ አገር የሆነ ኩባንያዎች ብዙውን ጊዜ በጀታቸውን ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ስለሚይዙ፣ እነሱን መስከረምና ጥቅምት ላይ ማነጋገር ይሻላል። ጉባኤው አንድ ወር ሲቀረው የሚደርስ ደብዳቤ ይዘቱ የቱንም ያህል ቢያምር «በጀቱ አልቋል» የሚል መልስ ያገኛል፤ ይህም መልስ አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው።

ደብዳቤው ከመግባቱ በፊት ጉዳዩን የሚያየውን ባለሙያ በስልክ ወይም በአካል ማግኘት ተገቢ ነው። በዚህ ጊዜ ስለ ማኅበሩ ከመናገር ይልቅ ድርጅቱ በዚህ ዓመት ማንን መድረስ እንደሚፈልግ መጠየቅና መልሱን መዝግቦ መመለስ ይጠቅማል። ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ደብዳቤ ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ ፍሬ ነገሩም በመጀመሪያው አንቀጽ ይቀመጣል። ለምሳሌ እንዲህ፦ «በየካቲት ወር በአዲስ አበባ በምናካሂደው ጉባኤ 40 የሆስፒታል ላቦራቶሪ ኃላፊዎች ይገኛሉ። ድርጅትዎ በ200,000 ብር የወርቅ ደረጃ ስፖንሰር ቢሆን በአዳራሹ መግቢያ የማሳያ ጠረጴዛ፣ በፕሮግራሙ ላይ 10 ደቂቃና በጉባኤው ቦርሳ ላይ ሎጎ ያገኛል።» ዝርዝሩ አባሪ በሚሆነው ፕሮፖዛል ውስጥ ይግባ። ፕላቲነም፣ ወርቅ፣ ብር የሚባሉት ደረጃዎች ከሦስት ባይበልጡ መልካም ነው፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነትም የሎጎ መጠን ብቻ መሆን የለበትም።

ምን እንደሚሸጥ በሚገባ ማሰብ ያስፈልጋል። በ1994 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ቲሸርት ከውድድሩ በኋላ ለወራት በየሰፈሩ ሲለበስ እናያለን፤ ስፖንሰሩ የሚከፍለውም ለዚያ ጭምር ነው። በጉባኤም ባነሩ በሁለተኛው ቀን ማታ ይጠቀለላል፣ ጠንካራ ቦርሳ ግን ዓመቱን ሙሉ ሥራ ቦታ ይውላል።

ጥሬ ገንዘብ የማይሰጥ ድርጅት አዳራሽ፣ ኅትመት፣ የታሸገ ውኃ ወይም ትራንስፖርት ሊሰጥ ይችላል። የዓይነት ድጋፍ በበጀታችን ውስጥ ያለን ወጪ የሚተካ ከሆነ በብር ተተምኖ እንደ ገንዘቡ ደረጃ ሊሰጠው ይገባል። (የካቲት ላይ ብዙ ጊዜ ዐቢይ ጾም ስለሚገባ፣ ለሻይ ዕረፍት ወተትና እርጎ የሚያቀርብ ድርጅት ከመጠየቅ በፊት ቀኑን ማየት ያሻል።)

ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን። አንድ ዓመት ለአንድ ባንክ ብቸኛ የባንክ ስፖንሰር እንደሚሆን በቃል ቃል ገብተንለት ነበር። በመክፈቻው ጠዋት ከኮሚቴያችን አባላት አንዱ፣ ነገሩን ሳያውቅ፣ ከሌላ ባንክ በትንሽ ገንዘብ ያገኘውን ሮል አፕ (ቆሞ የሚዘረጋ ባነር) መድረኩ አጠገብ አቆመ። የስፖንሰራችን ተወካይ ገብተው አዩት፤ ምንም ሳይናገሩ ተቀምጠው ንግግሩን አዳመጡ፤ በሻይ ሰዓት ጥለው ሄዱ፤ በቀጣዩም ዓመት ስልካችንን አላነሱም። ከዚያ ወዲህ ማን በየትኛው ዘርፍ ብቸኛ እንደሆነ፣ ምን እንደሚያገኝ፣ ክፍያው መቼ እንደሚገባ በመግባቢያ ሰነድ እንፈርማለን፤ ቅጂውንም ለእያንዳንዱ የኮሚቴ አባል እንሰጣለን። ማኅበሩ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ከሆነ 15 በመቶው በዋጋው ውስጥ መካተቱ ወይም አለመካተቱ በሰነዱ ላይ ይገለጽ። የምዝገባ ምስክር ወረቀት፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና በማኅበሩ ስም የተከፈተ የባንክ ሒሳብ ከፕሮፖዛሉ ጋር ቢያያዙ የፋይናንስ ክፍሉ ጉዳዩን ወደ ኋላ አይመልሰውም።

ጉባኤው ባለቀ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለእያንዳንዱ ስፖንሰር ሦስት ወይም አራት ገጽ ሪፖርት በአካል ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። በሪፖርቱ ውስጥ ቃል የተገባው ሁሉ በተራ ይዘርዘር፤ ከእያንዳንዱ ጎን መፈጸሙን የሚያሳይ ፎቶግራፍ ይቀመጥ፤ በትክክል የተገኘው የተሳታፊ ቁጥር ከታቀደው ቢያንስም እንኳ እንዳለ ይጻፍ። ያልተፈጸመ ነገር ካለ ምክንያቱና ማካካሻው አብሮ ይገለጽ። የሚቀጥለው ጉባኤ ቀን ተቆርጦ ከሆነ በመጨረሻው ገጽ ላይ ይስፈር፤ የማርኬቲንግ ባለሙያው ግንቦት ላይ ዕቅዱን ሲያዘጋጅ ከፊቱ የሚያገኘው ያ ሪፖርት ነውና።